የማውንቴን ብስክሌት መለዋወጫ ውድነት በቢሾፍቱ፦ የምንዛሪ፣ የልክ እና የሰንሰለት ጉዳይ

መግቢያ

ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 47 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ስሟ በይበልጥ የሚነሣው ከሆራ፣ ከባቦጋያ፣ ከኩሪፍቱና በራሷ ስም ከሚጠራው ሐይቅ ጋር ቢሆንም፣ ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ሌላው ገጽታዋ ነው። አብዛኛው የከተማዋ ክፍል ለብስክሌት የማይከብድ ሜዳማ ስፍራ ነው። የሠራተኛውና የተማሪው የዕለት መንገድም በእግር ለመሄድ የሚያደክም፣ በየቀኑ ባጃጅ ለመሳፈር ደግሞ ኪስ የሚጎዳ ርቀት ነው። እንዲህ ባለ ከተማ ብስክሌት ከመዝናኛ ዕቃነቱ ይልቅ የመጓጓዣ ወጪን የሚያስቀር ንብረት መሆኑ ይጎላል።

ብስክሌቱ ወጪ የሚያስቀረው ግን እስከ ተንቀሳቀሰ ድረስ ብቻ ነው። በተለምዶ «ማውንቴን» የሚባለው ባለ ብዙ ማርሽ ብስክሌት ሰንሰለቱ መዝለል፣ ማርሹም አልገባ ማለት ሲጀምር ባለቤቱ ከጠጋኙ የሚሰማው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ዕቃው የለም፤ አዲስ አበባ ይገኛል፤ ወይም «እስቲ ይህኛው ይሞከር»። ከሦስቱ ውዱ የመጨረሻው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በልኩ ያልሆነ ዕቃ የተከፈለበትን ገንዘብ ከበላ በኋላ አብሮት የሚሠራውንም ጤነኛ ዕቃ ያበላሻልና።

ስለ መለዋወጫ ውድነት ሲወሳ ጣት የሚቀሰረው በዶላርና በቀረጥ ላይ ነው። አባባሉ ትክክል ቢሆንም ሙሉ አይደለም። ዶላሩና ቀረጡ የእያንዳንዱን ዕቃ ዋጋ ከፍ ያደርጋሉ፤ ብስክሌቱን ከግድግዳ ጥግ አስደግፎ የሚያስቀረው ግን ብዙ ጊዜ የአንዱ ዕቃ ዋጋ ሳይሆን ተጠራቅሞ በአንድ ቀን የሚጠየቀው የሦስት ዕቃ ዋጋ ነው። ይህ ጽሑፍ ክፍያው እንዴት እንደሚጠራቀም ለማሳየት ይሞክራል።

ሞጆን አልፎ፣ መርካቶ ደርሶ

የኢትዮጵያ የገቢ ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚገባው በጅቡቲ ወደብ በኩል ነው። ከጅቡቲ ተነሥቶ በአዳማ በኩል የሚመጣው ኮንቴይነር ሞጆ ደረቅ ወደብ ይደርሳል፤ ሞጆ ደግሞ ከቢሾፍቱ ብዙም የማትርቅ፣ በዚያው መስመር ላይ ያለች ከተማ ናት። ይሁን እንጂ የብስክሌት ዕቃ ከሞጆ ወደ ቢሾፍቱ ሱቅ በቀጥታ አይገባም። የጅምላ ገበያው ያለው መርካቶ በመሆኑ፣ ዕቃው የቢሾፍቱን ዳር ታክኮ ወደ አዲስ አበባ ያልፋል፤ እዚያም ከአስመጪ ወደ ጅምላ ሻጭ፣ ከጅምላ ሻጭ ወደ ቸርቻሪ ከተላለፈ በኋላ በሚኒባስ ጣራ ወይም በሰው እጅ 47 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ይመለሳል።

በዚህ ጉዞ ላይ ዋናው ወጪ ርቀቱ አይደለም። የቢሾፍቱው ነጋዴ በካርቶን ሳይሆን በፍሬ ስለሚገዛ የጅምላ ዋጋ አያገኝም። አምስት ፍሬ ገዝቶ ሁለቱ ዓመት ሙሉ መደርደሪያ ላይ ከቆዩ፣ የተያዘበት ገንዘብ በቀሪዎቹ ሦስት ላይ ይጫናል። በመሆኑም ብዙ የሚሸጠው ከመነዳሪ በየጠጋኙ ዘንድ ሲገኝ፣ አልፎ አልፎ ብቻ የሚፈለገው የኋላ ጥርስ ወይም ማርሹን የሚያሻግረው ክንድ አይገኝም፤ ቢገኝም ዋጋው ከሸማቹ ግምት በላይ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት የጉምሩክ ሒሳብ አለ። ብስክሌት በጉምሩክ ታሪፍ መጽሐፍ በአንድ አንቀጽ (87.12) ሥር ይመደባል። ሲበታተን ግን ዕቃዎቹም ይበታተናሉ፦ ፍሬኑ፣ ፔዳሉ፣ ኮርቻው፣ ቸርኬውና ራጂው በ87.14፣ ጎማው በ40.11፣ ከመነዳሪው በ40.13፣ ሰንሰለቱ ከብረት ሰንሰለቶች ጋር በ73.15፣ የኩሽኔታው ኳሶች ደግሞ በ84.82 ሥር ይገባሉ። ሙሉ ብስክሌት የሚያስመጣ ነጋዴ አንድ መስመር ሞልቶ ሲጨርስ፣ መለዋወጫ የሚያስመጣው ለየዓይነቱ ሊያስመዘግብና ሊያስተምን ይገደዳል። ይህ ራሱ ነጋዴውን ከመለዋወጫ ይልቅ ወደ ሙሉ ብስክሌት የሚገፋ ነው።

ታክሱ በታክስ ላይ የሚሰላ መሆኑም ሊታወቅ ይገባል። ለሒሳብ እንዲመች አንድ ዕቃ ከመድንና ከማጓጓዣ ክፍያው ጋር 100 ብር፣ የጉምሩክ ቀረጡም 20 በመቶ ነው እንበል። ቀረጡ ሲጨመር 120 ብር ይሆናል። 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ በ120 ላይ ተሰልቶ 138 ያደርሰዋል፤ 10 በመቶው ሱር ታክስ ደግሞ በ138 ላይ ተሰልቶ 151 ብር ከ80 ሳንቲም ያደርሰዋል። ሌሎች ክፍያዎችና የነጋዴዎቹ ትርፍ ገና አልተጨመሩም። ሦስቱን መጣኔዎች በቀላሉ የደመረ ሰው 45 በመቶ ይላል፤ የተደራረበው ሒሳብ የሚያሳየው ግን 51.8 በመቶ ነው።

የምንዛሪው ለውጥ በዚህ ሒሳብ ላይ ያደረሰው ተፅዕኖ ከሚታሰበው የረቀቀ ነው። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. የብር ዋጋ በ15 በመቶ እንዲቀንስ ተደርጎ ነበር። ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። ዶላሩን ቀድሞውኑ ከትይዩ ገበያ በውድ ይሸምት ለነበረ አስመጪ የግዢው ወጪ በአንድ ጊዜ እጥፍ አልሆነበትም። ሆኖም ቀረጡና ታክሱ የሚሰሉት በይፋዊው ምንዛሪ ነው። ስለዚህ ከላይ በ100 ብር የተመሰለው ዕቃ በጉምሩክ ዓይን ወደ 200 ብር ሲያድግ፣ የመጣኔው አኃዝ ሳይነካ የሚከፈለው ግብር ከ51 ብር ከ80 ወደ 103 ብር ከ60 ሳንቲም አድጓል ማለት ነው። የዋጋ ንረቱን ከነጋዴው ስግብግብነት ጋር ብቻ የሚያያይዘው የተለመደ አስተያየት ይህን አያይም።

«26» ሲባል የትኛው 26?

እስካሁን የተነሡት ጉዳዮች የመኪናንም ሆነ የባጃጅን መለዋወጫ ይመለከታሉ። ታዲያ በቢሾፍቱ የባጃጅ ዕቃ በየመንገዱ ዳር ሲገኝ፣ ከባጃጅ በእጅጉ የሚቀለው ብስክሌት ዕቃ ለምን ያጣል? የመልሱ አንድ ክፍል ባለባጃጁ በየዕለቱ ገቢ ስላለው መክፈል መቻሉ ነው። ሌላውና የበለጠ ክብደት ያለው ክፍል የዕቃው ልክ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። በከተማዋ ከሚሽከረከሩት ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪዎች የሚበዙት የአንድ አምራች ሥሪት በመሆናቸው፣ ሱቁ አንድ ዓይነት ዕቃ በብዛት ቢያከማች ይሸጥለታል።

የቀድሞው ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌትም እንዲሁ ነበር። በሕንድና በቻይና ለአሥርት ዓመታት ሳይለወጥ የተመረተው፣ ባለ 28 ኢንች ጎማና በዘንግ የሚሠራ ፍሬን ያለው ጥቁሩ ብስክሌት የአንዱ ዕቃ ለሌላው ይሆን ነበር፤ ጠጋኙም አንዱን ብስክሌት ካወቀ ሁሉንም ያወቀ ያህል ነበር። ማውንቴን ይህን ሥርዓት አፈረሰው። እ.ኤ.አ. በ1981 በብዛት መመረት የጀመረው ይህ ዓይነት ብስክሌት በተፈጥሮው የሚለዋወጥ ነው፤ አምራቾቹ በየጥቂት ዓመቱ አዲስ ልክ ያወጣሉ፤ የቀድሞው ልክ ቀስ በቀስ ከዋናው ገበያ ይወጣል።

የጎማውን ታሪክ መመልከት በቂ ነው። እስከ 2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ድረስ የማውንቴን ጎማ ማለት 26 ኢንች ማለት ነበር። ከዚያ ወዲህ ታላላቆቹ አምራቾች ወደ 29 እና ወደ 27.5 ኢንች ተሻገሩ። በዚያው ልክ በበለጸጉት አገሮች ጥሩ ጥሩዎቹ የ26 ኢንች ዕቃዎች እያነሱ ሄዱ፤ በእኛ ከተሞች የሚነዳው ግን በአብዛኛው አሁንም 26 ነው። ከሁሉ የሚከፋው «26» የሚለው ቁጥር ራሱ አንድ ዓይነት ልክ አለመሆኑ ነው። የማውንቴኑ 26 ቸርኬ ላይ የሚቀመጥበት ዲያሜትር 559 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ «26 በ1 ከ3/8» ተብሎ የሚሸጠው የቀጭኑ ብስክሌት ጎማ ግን 590 ሚሊ ሜትር ነው። የሦስት ሳንቲ ሜትር ልዩነት ስላለ አንዱ በሌላው ቸርኬ ላይ ፈጽሞ አይገባም። አዲስ አበባ ላለ ዘመዱ ስልክ ደውሎ «26 ጎማ ላክልኝ» የሚል የቢሾፍቱ ነዋሪ ገንዘቡን በዕድል ላይ ጥሏል። በጎማው ጎን ላይ በትንንሹ የተጻፈውን «50-559» የመሰለ ቁጥር አንብቦ ቢናገር ግን ስሕተቱ አይደርስበትም፤ የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት፣ ሁለተኛው የቸርኬው ልክ ነው።

በማርሹ በኩል ችግሩ የባሰ ውስብስብ ነው። የቀድሞው የማርሽ መቀየሪያ እጀታ በሰበቃ ብቻ የሚያዝ ስለነበር ነጂው በእጁ እያመቻቸ ከማንኛውም ጥርስ ጋር ያሠራው ነበር። የጃፓኑ ሺማኖ እ.ኤ.አ. በ1984 ያስተዋወቀውና ዛሬ የሁሉም የሆነው መቀየሪያ ግን «ቀጭ» እያለ በተለካ ርቀት የሚሄድ ነው። ምቾቱ የማይካድ ነው፤ ዋጋውም አለ። እጀታው፣ ክንዱ፣ ሰንሰለቱና የኋላው ጥርስ የአንድ ቤተሰብ መሆን አለባቸው። የ7 ጥርስ እጀታ ባለ 9 ጥርሱን በትክክል አያሻግርም። የሰንሰለቶች ሁሉ የማያያዣ ርቀት ግማሽ ኢንች ቢሆንም ስፋታቸው ይለያያል፤ ለባለ 7 የተሠራው በባለ 9 ጥርሶች መካከል ይተሻሻል። የኋላው ጥርስ ራሱ በሁለት ዓይነት መንገድ ይታሰራል፦ በቀላሉ ብስክሌቶች ላይ በጥርብ ሙሉ በሙሉ የሚጠመዘዝ፣ በተሻሉት ላይ ደግሞ ተንሸራቶ የሚገባ ነው። አንዱ ከሌላው ጋር አይለዋወጥም፤ ለመፍታትም የየራሱ መፍቻ ያስፈልገዋል። የጠጋኙ መሣሪያ መዶሻና ፒንሳ ብቻ ከሆነ ጥርሱን ለመቀየር ሲሞክር ራጂዎቹን ወይም ቸርኬውን ሊጎዳ ይችላል።

ከፊት ያለው አስደንጋጭ ምንጭ (ብዙ ገዢ ለመልኩ ሲል የሚመርጠው) እና ርካሹ የዲስክ ፍሬን በዚህ ረገድ ከሁሉ የከፉ ናቸው። የዲስክ ፍሬን ሸራ ቅርጽ በየአምራቹ ስለሚለያይ፣ ሸራው ሲያልቅ ሙሉ ፍሬኑ የሚጣልበት ጊዜ አለ። ቸርኬውን ከግራና ቀኝ የሚይዘው የድሮ ዓይነት ፍሬን ጎማ ግን ከሞላ ጎደል ለሁሉም ይሆናል። በሱቅ ውስጥ ውድ የሚመስለው ብስክሌት በጋራዥ ውስጥ የባሰ ውድ ነው።

ሰንሰለትና ጥርስ

ወደ ዋናው ነጥብ ለመምጣት ሰንሰለት እንዴት እንደሚያልቅ መረዳት ያስፈልጋል። ሰንሰለት «ተለጠጠ» ሲባል ብረቱ ተሳበ ማለት አይደለም፤ በየማያያዣው ያሉት ትንንሽ ፒኖች ተሞርደው ክፍተት ፈጠሩ ማለት ነው። ክፍተቱ ሲጠራቀም ሰንሰለቱ ይረዝማል። የረዘመ ሰንሰለት በጥርሶቹ ሥር መቀመጡን ትቶ ወደ ጫፋቸው ይወጣል፤ ጥርሶቹንም እንደ ሞረድ እየበላ በራሱ አዲስ ልክ ይቀርጻቸዋል። ከዚህ በኋላ አዲስ ሰንሰለት ቢገባ አሮጌዎቹ ጥርሶች አይቀበሉትም፤ ጫን ተብሎ በተረገጠ ቁጥር ይዘላል። ደንበኛው «አዲስ ሰንሰለት ገዝቼ ባሰበት» ሲል የሚሰማው ቅሬታ መነሻው ይህ ነው፤ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሰንሰለቱም የጠጋኙም አይደለም።

የቢሾፍቱ አፈር ይህን ሒደት ያፋጥነዋል። አካባቢው የእሳተ ገሞራ ምድር ነው፤ በዙሪያው ካሉ ኮረብቶች ለግንባታና ለመንገድ የሚዛቀው ቀይ ቃሪያማ ድንጋይ ሲፈጭ ስለታም አቧራ ይወጣዋል። ዘይት በበዛበት ሰንሰለት ላይ ይህ አቧራ ሲያርፍ ሞረድ የተቀላቀለበት ቅባት ይሆናል። በክረምት ደግሞ ተራው የመረሬ ጭቃ ነው፤ በጎማውና በፍሬኑ መካከል ተጠቅጥቆ መንኮራኩሩን ያስራል፣ ሰንሰለቱንም ይለብሰዋል። በየመንደሩ የተነጠፈው ኮብልስቶን ጭቃውን ቢቀንስም ንዝረቱ ራጂና ኩሽኔታን ይፈትናል። «ማውንቴን» የሚለው ስም ለጉብታና ለጠጠር የተሠራ መሆኑን ይናገራል፤ ነገር ግን ለዚያ የተሠራው ብስክሌት በየጊዜው እየታጠበና ዕቃው እየተለወጠ እንዲነዳ ታስቦ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንመልከት። የሰንሰለት ዋጋ 1፣ የኋላው ጥርስ 2፣ የፊተኛው ጥርስ ከነክንዱ 3 ነው ብለን እናስብ። አንደኛው ባለቤት ሰንሰለቱ ገና ጥርስ ሳይበላ ይቀይራል፤ ሁለት ጊዜ ሰንሰለት ብቻ፣ በሦስተኛው ሰንሰለቱን ከኋላው ጥርስ ጋር ቢገዛ 1፣ 1 እና 3 ከፍሎ በድምሩ 5 ያወጣል። ሁለተኛው ባለቤት በዚያው ዘመን ምንም ሳይቀይር እስከ መጨረሻው ይነዳል፤ በመጨረሻ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ሲገዛ 6 ያወጣል።

የድምሩ ልዩነት ያን ያህል የሚያስደነግጥ አለመሆኑን ልብ ይሏል። እንዲያውም የኋላው ጥርስ ርካሽ የሆነበት ገበያ ቢሆን ሁለተኛው ባለቤት አትራፊ ሊሆን ይችላል፤ በአውሮፓ ያሉ ነጂዎችም በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ ሐሳብ የላቸውም። ስለዚህ «ቶሎ ያልቀየረ ሞኝ ነው» የሚለው የተለመደ ምክር በሒሳብ አይጸናም። ልዩነቱ ያለው በትልቁ ክፍያ ላይ ነው። የመጀመሪያው ባለቤት በአንድ ቀን ከ3 በላይ አልተጠየቀም፤ ሁለተኛው 6 ተጠይቋል። በቀን ወይም በወር ደመወዝ ለሚኖር ሰው 6 የሚሆነው ገንዘብ በአንድ ቀን አይገኝም፤ እስኪገኝ ድረስ ብስክሌቱ ይቆማል። ባለቤቱም በየቀኑ የባጃጅ ሒሳብ ስለሚከፍል ለጥገና የሚያጠራቅመው ይቀንሳል። የቆመው ብስክሌት ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው ዕጣ የታወቀ ነው፦ ከጥቂት ወራት በኋላ ጎማው ይደርቃል፣ አንድ ሰው ፔዳሉን ሌላው ኮርቻውን ይለምናል፤ በመጨረሻም ለሌሎች ብስክሌቶች የመለዋወጫ ምንጭ ሆኖ ያልቃል። ይህ የዕቃ መፍታት ልማድ አንዳንዴ እንደ ኋላ ቀርነት ይታያል፤ ልኩ የጠፋን ዕቃ ለማግኘት ግን ከመርካቶ የተሻለ ምንጭ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው።

ሁለተኛው ባለቤት ለምን አስቀድሞ አልቀየረም? ቸልተኝነት ነው ማለት ይቀላል። ነገር ግን ሰንሰለቱ ገና እየሠራ፣ ዋጋውም ባለፈው ዓመት ከነበረው እጥፍ ሆኖ ሳለ የሚሠራ ዕቃ አውጥቶ መጣል ለማንም ይከብዳል። ምንዛሪውና ቀረጡ ከልክ ችግሩ ጋር የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው፦ የአንዱ ትንሽ ዕቃ ዋጋ መናር መቀየሩን ያዘገያል፤ መዘግየቱ ሌሎቹን ዕቃዎች ይጨምራል፤ የተጨመሩት ዕቃዎች ደግሞ ልካቸው በከተማዋ ከማይገኙት ወገን ናቸው።

በከተማዋ አቅም ሊሠራ የሚችለው

በዚህ ችግር ላይ በሌሎች የአፍሪካ አገሮች የተሞከረ አንድ መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 የተመሠረተው ወርልድ ባይሲክል ሪሊፍ የተባለው ድርጅት «ባፋሎ» የሚባለውን ከባድ ብስክሌት በዛምቢያ፣ በኬንያ፣ በማላዊና በዚምባብዌ ሲያሠራጭ የመረጠው ማውንቴንን አይደለም፤ ባለ አንድ ማርሽ፣ ፔዳሉ ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚይዝ ፍሬን ያለውን ነው። የማርሽ ጥያቄ ሲበረታበትም እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ባለ ሁለት ማርሽ ሞዴል ገመድና ማሻገሪያ ክንድ የለውም፤ ሁለት ሰንሰለት ኖሮት ማርሹ የሚለወጠው ፔዳሉን ጥቂት ወደ ኋላ በመርገጥ ነው። ከብስክሌቱ ጋር ጠጋኞችን ማሠልጠንና መለዋወጫውን በአካባቢው ማቅረብ አብረው ታስበዋል። ከዚህ ልምድ የሚወሰደው ብስክሌቱን ማስመጣት ሳይሆን የአሠራሩ ቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ በጥቂት ልኮች ላይ መወሰን፣ ቀጥሎ እነዚያን ልኮች ማከማቸት።

በቢሾፍቱ ያሉ ጠጋኞችና ሻጮች ይህን ለማድረግ የግድ ድርጅት አያስፈልጋቸውም። ከተማዋ ውስጥ የሚበዛው ባለ 559 ቸርኬ፣ ተጠምዝዞ የሚታሰር ባለ 6 ወይም ባለ 7 የኋላ ጥርስና ቸርኬ ያዥ ፍሬን ከሆነ፣ ጥቂት ነጋዴዎች ገንዘባቸውን አጣምረው እነዚህን ብቻ በካርቶን ቢገዙ በፍሬ ከመግዛት ይላቀቃሉ። አዲስ ብስክሌት የሚገዛ ሰውም ከቀለሙና ከምንጩ በፊት እነዚህን ሦስት ልኮች ቢጠይቅ፣ ኋላ የሚቸገርበትን ዕቃ ከመጀመሪያው ያስወግዳል። ቀረጡን በተመለከተ የከተማዋ ነዋሪ የሚያደርገው ብዙ የለም። ነገር ግን መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ በከለከለበትና ለኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ የታክስ እፎይታ በሰጠበት ዘመን፣ ነዳጅም ኤሌክትሪክም የማይጠይቀው ተሽከርካሪ ሰንሰለትና ጎማ በምን ሚዛን እንደሚታይ መጠየቅ አግባብ ነው። ለሙሉ ብስክሌት ብቻ የሚደረግ ማበረታቻ፣ ከላይ እንደታየው፣ መለዋወጫውን በየአንቀጹ ተበታትኖ እንዲቀር ያደርገዋል።

ሰንሰለቱን በጊዜው ለመቀየር የሚያስፈልገው መለኪያ በየተማሪው ቦርሳ ውስጥ አለ። አዲስ ሰንሰለት ከአንዱ ፒን መሐል ጀምሮ ሃያ ማያያዣ ሲቆጠር ርዝመቱ 25.4 ሳንቲ ሜትር ነው። ሰንሰለቱ ወጠር ተደርጎ በባለ 30 ሳንቲ ሜትር ማስመሪያ ሲለካ 25.6 ከደረሰ የሚቀየርበት ጊዜ ነው፤ በዚህ ደረጃ የኋላው ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ ገና አልተበላም። 25.7 ካለፈ ግን አዲስ ሰንሰለት ብቻውን መግዛት ገንዘብ ማባከን ሊሆን ስለሚችል፣ ጠጋኙ ከመሸጡ በፊት ጥርሱን አብሮ መመልከት ይኖርበታል።